ላንድክሩዘር 79ን ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በአራት ጎማው መጎተት፦ ካምቢዮና ትራንስፈሩ እንዳይበላ ምን ይደረግ?

ስምሪት_ክፍል፦
ሰላም ለሁላችሁ። ላንድክሩዘር 79 ፒካፕ፣ 1ኤችዜድ ሞተር፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ፊት ጎማው ላይ በእጅ የሚዞር ፍሪ ሃብ (ጎማውን ከፊት ሻፍቱ የሚያላቅቅ መዞሪያ) ያለው መኪና ደብረ ማርቆስ ቆሟል። የታይሚንግ ቺንጊያው ተበጥሶ ቫልቮቹ ተመተዋል። ሞተሩ የሚከፈተው አዲስ አበባ ነው። ካምቢዮው፣ ትራንስፈሩ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለው ሳጥን)፣ ዲፈረንሻሎቹና ፍሬኑ ጤነኛ ናቸው። የሚጎትተው ላንድክሩዘር 78 ነው። መንገዱ ወደ 300 ኪ.ሜ. ሲሆን መሃሉ ላይ የዓባይ በረሃ አለ።

ካምቢዮውን ዜሮ አድርጎ መጎተት ይበቃል ወይስ ፕሮፔለሩ (ትራንስፈሩን ከዲፈረንሻሉ የሚያገናኘው ረጅም ዘንግ) መፈታት አለበት? ሃቦቹን ፍሪ ማድረግስ ምን ያህል ያድናል? ፍጥነቱ ስንት ይሁን? እዚያው ግቢ ውስጥ አውቶማቲክ ፕራዶ 120ም ቆሟል፤ ለእሱም ያው ዘዴ ይሠራ እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ጎማ_በጎማ፦
ማንዋል ስለሆነ ብዙ አትጨነቅ። ካምቢዮ ዜሮ፣ ትራንስፈር ኤች2 (በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳበት)፣ ሃቦቹ ፍሪ፣ የመሪው ቁልፍ ክፍት። ከ50 በላይ ካልሄዳችሁ በሰላም ይገባል። አገር ምድሩ የሚጎትተው እንዲህ ነው።

ክሮቼራ፦
ከላይ የተባለው ከጋራዥ ጋራዥ፣ ለ10 እና ለ20 ኪ.ሜ. ቢሆን ችግር የለውም። ለ300 ኪ.ሜ. ግን ጤነኛውን ካምቢዮ ማስበላት ነው። ለምን እንደሆነ ልዘርዝረው፤ ምክንያቱ ከገባ የሚደረገውን ለማስታወስ አይቸግርም።

በዚህ ካምቢዮ ውስጥ ዘይት የሚያነሳው የታችኛው ዘንግ ነው። ጥርሶቹ ዘይት ውስጥ ተነክረው ሲዞሩ ወደ ላይ ይረጩታል። የታችኛውን ዘንግ የሚያዞረው ደግሞ ከፍሪሲዮኑ የሚገባው ዘንግ ነው፤ እሱን የሚያዞረው ሞተሩ ነው። ሞተሩ ቆሞ መኪናው ሲጎተት ነገሩ ከኋላ ወደ ፊት ይሆናል። ጎማው ፕሮፔለሩን ያዞራል፣ ፕሮፔለሩ ትራንስፈሩን፣ ትራንስፈሩ የካምቢዮውን መውጫ ዘንግ። ካምቢዮው ዜሮ ላይ ስለሆነ የታችኛው ዘንግ ቆሟል፤ በመውጫው ዘንግ ላይ ያሉት ማርሾችም ቆመዋል። ዘንጉ በቆሙት ማርሾች መሃል፣ በመርፌ ኩሽኔታዎቹ ላይ ብቻውን ይዞራል፤ የሚረጭለት ዘይት የለም። ላዩ ላይ የቀረችው ዘይት ለትንሽ መንገድ ታገለግላለች። እሷ ስታልቅ ይሞቃል፣ ኩሽኔታው ይላጣል፣ ሲንክሮው (ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስማማው ቀለበት) ይበላል። ክፋቱ ጉዳቱ የዚያን ቀን አለመታየቱ ነው። ሞተሩ ተሠርቶ መኪናው ከወጣ በኋላ ካምቢዮው ማልቀስ ሲጀምር ሰው ከመጎተቱ ጋር አያያይዘውም።

በቁጥር ስናየው፦ 7.50 አር 16 ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2.5 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ በ300 ኪ.ሜ. ውስጥ ጎማው 120,000 ጊዜ ይዞራል። ዲፈረንሻሉ 4.1 ከሆነ ፕሮፔለሩና ከእሱ ጋር የተያያዘው ዘንግ 492,000 ጊዜ ይዞራሉ። ያን ሁሉ ዙር በደረቁ ማለት ነው።

ስለዚህ መልሴ የኋላውን ፕሮፔለር ፍቱት ነው። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አፈታቱ ላይ የሚሳሳት ስለሚበዛ በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መጀመሪያ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙና አራቱንም ጎማ በፊትና በኋላ ታኮ አስገቡላቸው። ፕሮፔለሩ ከተፈታ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዝም፤ ሰው ሥር ተኝቶ እያለ ማርሹን አምኖ መተው ሞት ያመጣል። ከዚያ ቡሎን ሳይነካ ምልክት አድርጉ። በትራንስፈሩ በኩልም በዲፈረንሻሉ በኩልም ሁለቱ ፍላንጆች የሚገናኙበት ላይ በቀለም ወይም በቡሊኖ አንድ መስመር አውጡ። ፕሮፔለሩ ራሱም መሃሉ ላይ እየገባ እየወጣ የሚንሸራተት ክፍል ስላለው እዚያም ምልክት ያስፈልጋል። ሁለቱ ክፍሎች ተለያይተው ሌላ ጥርስ ላይ ከገቡ የሁለቱ ጫፍ ክሮቼራዎች (የሚተጣጠፉት መስቀሎች) አቅጣጫ ይዛባል፤ ያኔ መኪናው በ60 እና በ80 መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

በየጫፉ 4 ቡሎን አለ፤ በብዛት 14 ቁልፍ ይፈታዋል። ዳዶው አፈርና ዝገት ከያዘው በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት፣ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ቀቡትና 10 ደቂቃ ጠብቁ። በተከፈተ አፍ ቁልፍ በጉልበት የሄደ ሰው የዳዶውን ጠርዝ አጥፍቶ መበየጃ ሲፈልግ ይውላል፤ የቀለበት ቁልፍ ተጠቀሙ። የዲፈረንሻሉን በኩል አስቀድማችሁ ፍቱ፣ ጫፉን በገመድ ከሻሲው ጋር እሰሩት፣ ከዚያ የትራንስፈሩን ፍቱ። የመጨረሻው ቡሎን ሲወጣ አንድ ሰው ከሥር ይደግፈው፤ ከባድ ነው፣ ፊት ላይ ይወርዳል። ቡሎኖቹንና ዳዶዎቹን በቆርቆሮ አድርጋችሁ ጋቢና ውስጥ፣ ፕሮፔለሩን ስፖንዳው ላይ ጫኑት። አንዱን ጫፍ ብቻ ፈትቶ ሌላውን በሽቦ አንጠልጥሎ መሄድ ለ300 ኪ.ሜ. አይሆንም። ሽቦው ይበጠሳል፤ ፕሮፔለሩ መሬት ሲነካ አስፋልት ወግቶ መኪናውን ሊያነሳው ይችላል።

በዚህ መኪና ፕሮፔለሩ ከትራንስፈሩ የሚያያዘው በፍላንጅ ስለሆነ ዘይት አይፈስም። ፕሮፔለሩ ካምቢዮው ወይም ትራንስፈሩ ውስጥ ገብቶ የሚንሸራተትበት ሌላ መኪና ከሆነ ግን ሲወጣ ዘይቱ ይከተለዋል። እዚያ አፉ ላይ ወፍራም ፕላስቲክ አድርጎ በካላማንዳሪ ጎማ ማሰር ያስፈልጋል።

ሃቦቹን ሁለቱንም ፍሪ ላይ አድርጉ። ያኔ የፊት ሻፍቶቹ፣ የፊት ዲፈረንሻሉና የፊት ፕሮፔለሩ ይቆማሉ፤ የኋላው ፕሮፔለር ደግሞ ወጥቷል። ትራንስፈሩና ካምቢዮው ውስጥ የሚዞር ነገር አይኖርም። የሚዞረው የኋላ ዲፈረንሻል ብቻ ነው፤ እሱ ትልቁ ጥርስ ዘይት ውስጥ ስለሚነከር ራሱን ያጠጣል። ብቻ ከመነሳታችሁ በፊት የመሙያውን ቡሎን ፈትታችሁ በጣት እዩት። ዘይቱ ከቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል ወይም ቢበዛ 5 ሚ.ሜ. ዝቅ ያለ መሆን አለበት።

ጎማ_በጎማ፦
ስለ ታችኛው ዘንግ ያልከው ገብቶኛል። ታዲያ ትራንስፈሩን ኤን (ዜሮ) ላይ ብናደርገውስ? ፕሮፔለር ሳይፈታ ካምቢዮው ይቆም የለ? ሌላው፣ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ረግጦ መጎተት የሚሻል የሚመስላቸው አሉ፤ የታችኛው ዘንግ ስለሚዞር።

ክሮቼራ፦
ኤን ላይ ማድረግ ካምቢዮውን በርግጥ ያሳርፈዋል። የትራንስፈሩ መውጫ ዘንግ ግን መዞሩን ይቀጥላል፤ ሸክሙን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ማዛወር ነው። የአሜሪካኖቹ ጂፕ ራንግለር ትራንስፈሩን ኤን አድርጎ ረጅም መንገድ ይጎተታል፤ መመሪያው ራሱ ይፈቅዳል። ያ መኪና ለዚያ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ለእሱ የተጻፈውን አንስቶ ለሁሉም ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪና ማዋል አይቻልም። ኤን ላይ የሚደረግ ከሆነ ደግሞ መለወጫው በመንቀጥቀጥ ወደ ኤል4 (አራቱም ጎማ በዝቅተኛ ማርሽ) እንዳይገባ መታሰር አለበት።

ፍሪሲዮን ረግጦ መጎተት ግን በጭራሽ አይደረግ። መለወጫው ሳይታወቅ ኤል4 ላይ፣ ማርሹም አንደኛ ላይ ቢሆን ምን እንደሚሆን አስሉት። በ60 ኪ.ሜ. በሰዓት ጎማው በደቂቃ 400 ጊዜ ይዞራል። ያ በዲፈረንሻሉ፣ በትራንስፈሩ ዝቅተኛ ማርሽና በአንደኛ ማርሽ ሲባዛ የፍሪሲዮኑ ዲስክ በደቂቃ ከ10,000 ዙር በላይ እንዲዞር ይገደዳል። ሞተሩ ራሱ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በ3,800 ዙር አካባቢ ነው። ዲስኩ ተበጣጥሶ የፍሪሲዮኑን ቤት ይሰብራል። እግር ከፔዳሉ ከተንሸራተተ ደግሞ ቫልቩ የተመታው ሞተር በግድ ይዞርና የተረፈው ፒስተንም ያልቃል።

ቁልቁለት፦
ካምቢዮው ላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል፣ ከዚያ ወደ ጎሐ ጽዮን ያንኑ ያህል ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ የሚጎተተው መኪና ፍሬን ምን እንደሚሆን ማወቅ አለባችሁ። በ1ኤችዜድ የፍሬኑን ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያግዘውን) የሚያሠራው የቫኩም ፓምፕ በሞተሩ የሚዞር ነው። ሞተር ከቆመ ሰርቮው ውስጥ የቀረው ለሁለት ወይም ለሦስት መርገጥ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ፍሬኑ ይሠራል፣ ግን በሁለት እግር የመርገጥ ያህል ጉልበት ይጠይቃል። መሪውም የዘይት እገዛ ስለሌለው ይከብዳል።

በዚህ ምክንያት በገመድ፣ በሽቦ ወይም በሰንሰለት መጎተት ለዚህ መንገድ አይሆንም። ቁልቁለት ላይ የኋለኛው የፊተኛውን ይመታዋል፣ ገመዱ ይላላል፣ ከጎማ ሥር ይገባል፣ ሲወጠር ደግሞ በአንዴ ስለሚስብ የሻሲውን መንጠቆ ይነቅላል። መጎተቻው ቀጥ ያለ ብረት ይሁን። ወፍራም ግድግዳ ያለው የ2 ወይም የ2.5 ኢንች ቧንቧ፣ ርዝመቱ 2 ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ፌሮ በይዶ ማራዘም አይታሰብ፤ በመበየጃው ቦታ ይቆረጣል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍ መገጣጠሚያ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጉብታ ላይ ብረቱ ይጣመማል። ፒኑ ከ20 ሚ.ሜ. ያላነሰ፣ ጫፉ ላይ ኮፒሊያ የገባበት ይሁን። ብረቱ ቢለቅ የሚይዝ ሰንሰለት ከጎኑ ላላ ብሎ ይታሰር። የሚታሰረው ከሻሲው ጋር በቡሎን የተያዘው መጎተቻ ላይ እንጂ ፓራውልቱ ላይ አይደለም። መኪና በመርከብ ሲጫን ማሰሪያ የሚሆኑት ቀጫጭን ቀለበቶችም መጎተቻ አይደሉም።

የሚጎተተው ውስጥ ጉልበት ያለው ሹፌር ይቀመጥ። ቁልፉ መሪውን ከመቆለፍ እንዲለቅ ከመነሻው ቦታ ወጥቶ ይዞርና እዚያው ይቆይ። ባትሪው ሞልቶ ይነሳ፤ የአደጋ መብራቱ ቀኑን ሙሉ ስለሚበራ መለዋወጫ ባትሪ ቢኖር የተሻለ ነው። ኋላው ላይ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ይታሰር። ሁለቱ ሹፌሮች በስልክ መስመር ክፍት አድርገው ይነጋገሩ፤ የሚጎተተው ሹፌር ፍሬን የሚይዘው የፊተኛው ሲነግረው ብቻ ነው።

ፍጥነት፦ ሜዳው ላይ ከ40 እስከ 50። ቁልቁለቱ ላይ ከ20 እስከ 30፣ የፊተኛው ሁለተኛ ማርሽ ላይ፣ ካስፈለገም ዝቅ ብሎ፤ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹ ይግባ። ከኋላ ወደ 2 ቶን የሚገፋ ክብደት እንዳለ አትርሱ፤ የአንድ መኪና ፍሬን ሁለት መኪና ነው የሚያቆመው። በየ5 ኪ.ሜ. ቆማችሁ ቸርኬውን በእጅ ጀርባ ቅረቡት። እጅ ማስጠጋት ካልተቻለ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ውኃ አይደፋበት፣ የሞቀ ዲስክ ይጣመማል።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን ምርጫው የእኔ ቢሆን ይህ መኪና በጎማው በረሃውን አይወርድም። ጭነት አራግፎ ባዶውን ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አይሱዙ ደብረ ማርቆስ ላይ ፈልጉ። 79ኙ ከ5 ሜትር በላይ ስለሚረዝም የካሶኒውን ርዝመት አስቀድማችሁ ለኩ። ከመንገድ ዳር ከፍ ያለ መደብ አስጠግቶ፣ ስፖንዳውን ከፍቶ በሰው ጉልበት ገፍቶ መጫን ይቻላል። አራቱ ጎማ በታኮና በገመድ ተይዞ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ማርሽ ገብቶ ይሄዳል። ለጭነት ከሆነ ፕሮፔለሩ አይፈታም።

የድሮ_ሻሲ፦
ስለ ፕራዶው። እሱ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ፣ መሃል ላይ ሌላ ዲፈረንሻል ያለው መኪና ነው፤ ፍሪ ሃብ የለውም። ካምቢዮው አውቶማቲክ ስለሆነ ደግሞ የዘይት ፓምፑን የሚያዞረው ሞተሩ ብቻ ነው። ሞተር ቆሞ ጎማው ሲዞር ውስጥ ያሉት ክላቾችና ቡሾች ምንም ዘይት አያገኙም። ብዙ የቶዮታ መመሪያዎች ለድንገተኛ ጊዜ በገመድ መጎተትን የሚፈቅዱት ከ30 ኪ.ሜ. በሰዓት በታች፣ ቢበዛ እስከ 80 ኪ.ሜ. ርቀት ነው። ከዚያ ለሚበልጥ መጫን፤ መጫን ካልተቻለ ሁለቱንም ፕሮፔለር፣ የፊቱንም የኋላውንም፣ ማውጣት ግዴታ ነው። አንዱን ብቻ ካወጣችሁ የቀረው መሃል ዲፈረንሻሉንና ካምቢዮውን ያዞራል። የፊቱን ጎማ ብቻ በክሬን አንስቶ የኋላውን መሬት ላይ ማስኬድም ያው ነው፤ መሃል ዲፈረንሻሉ አንዱ ወገን ቆሞ አንዱ እየዞረ ይቃጠላል። ሁለቱ ከወጡ በኋላ ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) መኪናውን አይዝም፤ የእጅ ፍሬንና ታኮ ብቻ።

የድሮው ላንድሮቨር ዲፌንደር ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። የዚያ መኪና የእጅ ፍሬን ከበሮ ያለው የኋላ ጎማ ላይ ሳይሆን የትራንስፈሩ መውጫ ላይ ነው። የኋላ ፕሮፔለሩን የፈታ ሰው የእጅ ፍሬኑንም አብሮ ፈቷል። ታኮ ሳይገባ አይነካ።

ዲፈረንሻሉ ራሱ ከተሰበረ ፕሮፔለር መፍታት አይረዳም፤ ጎማው ሲዞር የተሰበረውን ጥርስ ይፈጨዋል። 79ኙ የኋላ ሽሚያሱ (ከዲፈረንሻሉ ወጥቶ ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ) ክብደት ስለማይሸከም በየጎኑ 6 ዳዶ ፈትቶ፣ በነሐስ መዶሻ መታ መታ አድርጎ የኮን ቀለበቶቹን አላቅቆ ሽሚያሱን ማውጣት ይቻላል፤ ቀዳዳው በቆርቆሮ ይሸፈን። ሃይሉክስና ፕራዶ ላይ ግን ጎማውን የያዘው ሽሚያሱ ራሱ ነው። እዚያ ካወጣችሁ ጎማው አብሮ ይወጣል።

አዲሶቹ ሃይሉክሶች ትራንስፈራቸው በመዞሪያ ቁልፍ በኤሌክትሪክ ስለሚለወጥ ባትሪው ሳይሞት ኤች2 ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ራቭ4ና መሰሎቹ ካምቢዮና ዲፈረንሻላቸው ፊት ላይ አንድ ላይ ስለሆነ ፕሮፔለር መፍታት የፊቱን አያድንም፤ አራቱም ጎማ ከመሬት ይነሳ።

ኤሌክትሪኩ፦
ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለተከለከለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጎትት ሰውም እየበዛ ነው። ለእነሱ ከላይ ያለው ዘዴ አይሠራም። የሚፈታ ፕሮፔለር የለም፤ ብዙዎቹ ሞተራቸው ውስጥ ማግኔት ስላለ ጎማው ሲዞር ሞተሩ ኃይል ያመነጫል፣ መቆጣጠሪያውን ሊጎዳና ሊያሞቅ ይችላል። 12 ቮልቱ ባትሪ ከሞተ ኤን ላይ ማስገባትም ላይቻል ይችላል። አራቱም ጎማ ተነስቶ በጭነት ብቻ።

ስምሪት_ክፍል፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዝርዝር ነው የመለሳችሁልኝ። ፕራዶው ይጫናል። ለ79ኙም አይሱዙ እየተፈለገ ነው፤ ካልተገኘ ፕሮፔለሩ ወጥቶ በብረት፣ እስከ ደጀን ብቻ፣ በረሃውን በጭነት። አንድ የቀረ ነገር አለ፦ የግራው ሃብ ፍሪ ላይ አልዞር ብሏል። የቀኙ ብቻ ፍሪ ሆኖ መጎተት ይቻላል?

ክሮቼራ፦
ባይሆን ይሻላል። አንዱ ወገን ሻፍቱን ሲያዞር ሌላው ነፃ ስለሆነ ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉት ትንንሾቹ ጥርሶች ለረጅም ሰዓት እርስ በርስ ይዞራሉ፤ እነሱ የተሠሩት ኩርባ ላይ ለአጭር ጊዜ እንዲዞሩ ነው።

በፒንሳ ጠምዝዞ ማስገደድ መዞሪያውን ይሰብረዋል። የሃቡን ክዳን የያዙትን 6 ትንንሽ ቡሎኖች ፍቱና ክዳኑን አውጡት። አብዛኛውን ጊዜ ያልዞረው ደረቅ ግራሶና ጭቃ ስለያዘው ነው። በናፍጣ አጥባችሁ አድርቁት፣ ስስ ግራሶ ቀቡት። ብዙ ግራሶ መጠቅጠቅ መልሶ ያጣብቀዋል። ክዳኑን ስትመልሱ መዞሪያው ፍሪ ላይ ሆኖ ይግባ፤ ጎሚኒውም ካልተቀደደ ይመለስ። ከዚያ የግራውን ፊት ጎማ በክሪክ አንሱና በእጅ አዙሩት። ጎማው ሲዞር ከኋላው ያለው ሻፍትና የፊት ፕሮፔለሩ ካልተንቀሳቀሱ ሃቡ በትክክል ለቋል።

ከታጠበም በኋላ እምቢ ካለ የሻፍቱን ጫፍ የያዘውን ሴገር ቀለበት አውጡ፣ የሃቡን አካል የያዙትን 6 ዳዶዎች ፍቱ፣ የኮን ቀለበቶቹን በመዶሻ አላቁና አካሉን ሙሉ በሙሉ አንሱት። ጎማው በራሱ ኩሽኔታ ስለሚዞር አይወድቅም። አፉን በወፍራም ፕላስቲክና በቴፕ ሸፍኑት፤ አቧራ የኩሽኔታው ግራሶ ውስጥ ከገባ ሌላ ሥራ ነው። 20 ኪ.ሜ. ላይ ቆማችሁ ፕላስቲኩ እንዳለ እዩ።